ባሻ እንቁባይና መስኮት የሌለው ጓዳ

ከዚህ በታች ከማወራው አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ የነገዋን ፀሐይ ሳላይ ልቅር፤ ጥርሴም ይርገፍ፤ ማለቴ የቀሩኝ ሦስቱ። ነገሩን የነገረኝ አያቴ ነው። ለአያቴ የነገረው አጎቱ ነው። አጎቱ ደግሞ በዓይኑ ያየ፣ በጆሮው የሰማ፣ ከተከሰሰውም ጠጅ የቀመሰ ሰው ነበር። እንዲያውም ደጋግሞ ስለቀመሰ ሌላው ሰው አንዴ ያየውን እሱ ሁለት ሁለት አድርጎ አይቶታል። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

በዋርካ ሜዳ ገበያ ባሻ እንቁባይ የሚባሉ ነገረ ፈጅ ነበሩ። ነገረ ፈጅ በዚያ ዘመን ለሌላ ሰው ቆሞ የሚሟገት፣ ዛሬ ጠበቃ የምንለው ነው። ቁመታቸው ከጅራፍ እጀታ እምብዛም አይበልጥም፤ ምላሳቸው ግን ከዋርካው ተነሥቶ ሦስት ወንዝ ይሻገራል። አንድ ጊዜ ስለ አንዲት ፍየል ሲሟገቱ ፍየሏ ራሷ በክርክሩ አምና፣ ፍርዱን ሳትጠብቅ ተነሥታ ወደ ባሻ ደንበኛ ቤት ሄዳለች። ይህን ያየ ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሕይወት ነበር፤ አሁን ሞተ እንጂ ጠይቁት እላችሁ ነበር።

የባሻ ወግ ተነግሮ አያልቅም። እኔ የማወራው የወይዘሮ ትርንጎን ሙግት ብቻ ነው።

፨

ትርንጎ በአቶ ቢያድግልኝ ጠጅ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ጠጅ ጥላለች። እጇ የተባረከ ነው። እሷ የጣለችውን ጠጅ ንቦቹ ራሳቸው መጥተው ያሸቱና «ይሄ በእውነት ከእኛ ማር ነው የወጣው?» ብለው በኩራት ወደ ቀፏቸው ይመለሳሉ። አቶ ቢያድግልኝ ግን በየማለዳው፣ ጠጁ ጠርቶ ካለቀለት በኋላ፣ አንድ እንስራ የምንጭ ውሃ በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው ጓዳ ይገቡና ጋኑ ውስጥ ይገለብጡታል። ለተሸካሚ ከመክፈል ትከሻቸው ቢላጥ ይሻላቸዋል። ትርንጎ ያን ጊዜ ዓይኗን ትጨፍናለች። ለማንም እንዳትናገር በደብሩ ታቦት አስምለዋታል፤ እሷም መሐላዋን አልሰበረችም። በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ግን ዓይን መጨፈኑ ሰለቻት። ወጣችና ከመንገዱ ማዶ፣ ከአቶ ቢያድግልኝ በር ፊት ለፊት፣ የራሷን ጠጅ ቤት ከፈተች።

ሳምንት ሳይሞላት ተከሰሰች። ከተረታች ጋኖቿ በአደባባይ ይሰበራሉ፤ እሷም ወደዚያ ጓዳ ተመልሳ ፀጉሯ እስኪሸብት ጠጅ ትጥላለች፣ ውሃ ሲጨመርበትም ታያለች። ነጠላዋን እንደያዘች እየሮጠች ባሻ እንቁባይ ቤት ገባች።

«ባሻ፣ ይድረሱልኝ! ጋኖቼን ሊሰብርብኝ ነው! ወደዚያ ጓዳ ከምመለስ ገደል ልግባ!»

«እስቲ ተቀመጪ። ስንት ጋን አለሽ?»

«አራት።»

«ሙሉ ናቸው?»

«አፍ እስካፋቸው።»

ባሻ ትንሽ አሰቡና፦

«እንግዲያስ ሙግቱ ቶሎ አያልቅም!»

፨

ችሎቱ የሚቀመጠው ከዋርካው ሥር ነው። ዳኛው የገበያውና የነጋዴው ሹም፣ ነጋድራስ ወንድይራድ ናቸው። ለአቶ ቢያድግልኝ የቆሙት ነገረ ፈጅ ግራዝማች ጉልላት ሲሆኑ፣ እኒህ ሰው ጉሮሯቸውን ለመጥረግ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል። ጠርገው ሲጨርሱ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። የትርንጎ ጣት ያረፈበት ውል ነው። ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ትርንጎ ከቢያድግልኝ ቤት የወጣች እንደሆነ፣ ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት አገር ሁሉ ጠጅ እንዳትጥል።»

«ጣትሽ ነው?» አሏት ነጋድራስ።

«ጣቴ ነው፤» አለች ትርንጎ። «ያን ጊዜ ያነበቡልኝ ግን ‹ትርንጎ ደሞዟን ታገኛለች› የሚለውን ብቻ ነበር።»

«ጣትሽ ከሆነ ታስረሽበታል። እንቁባይ፣ የምትለው አለህ?»

«በውሉ እንስማማለን ጌታዬ፤» አሉ ባሻ። ትርንጎ በድንጋጤ ልትወድቅ ደረሰች። «ውሉ የሚለው ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት ነው። የትርንጎ ጓዳ መስኮት የለውም። ፀሐይ ወጥታበትም ጠልቃበትም አታውቅም!»

ሕዝቡ አውካካ። ነጋድራስ ቀልድ መስሏቸው ሊቆጡ ነበር፤ ግን ዳኛ ሳያይ አይፈርድምና ሊመረምሩ ተነሡ። ጓዳው ውስጥ ሲገቡ ግንባራቸው ከጉበኑ ተጋጨ፣ እግራቸው አተላ ውስጥ ገባ፣ በጨለማው መካከል አንድ እጅ ብርሌ አቀበላቸው። ከብዙ ቆይታ በኋላ ወጡና «በእርግጥም ፀሐይ የለም፤» አሉ። ጥቂት ቆመው አሰቡ። «ግን ማዕዘኑን በደንብ አላየሁትም፤» ብለው ተመልሰው ገቡ። የአያቴ አጎት እንደሚለው ማዕዘኑን ለማየት አራት ጊዜ ገብተዋል። ጓዳው ደግሞ ክብ ነበር።

ሲወጡ ውሉ እዚህ ጓዳ እንደማይደርስ ፈረዱ።

፨

ግራዝማች ጉልላት ግን እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ክሱን አዞሩት። «ውሉ ይቅር፤ ሴትዮዋ የጌታዬን የጠጅ ምስጢር ሰርቃ ወጥታለች!» አሉ።

በዚያ ዘመን በነገሩ የተማመነ ተሟጋች ውርርድ ያስይዛል፤ የተረታው ያስያዘውን ለዳኛው ያስረክባል። ግራዝማች ከኋላቸው የቆመችውን ባለ ብር ልጓም በቅሎ እየጠቆሙ «በዚህ ሙግት ከተረታሁ በቅሎዬ ለዳኛው ትሁን!» ብለው ፎከሩ። ነጋድራስ በቅሎዋን አዩዋት። አላማረቻቸውም ለማለት አልደፍርም።

ተራው የባሻ ሆነ። ባሻ እንኳን በቅሎ ጫማም የላቸው።

«እኔ በቅሎ የለኝም ጌታዬ። ከተረታሁ ግን ዓመት ሙሉ በዚህ ዋርካ ሥር አንዲት ቃል ላልናገር!»

ነጋድራስ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ይጻፍ! ይጻፍ! ፀሐፊ፣ ጻፍከው?» ሕዝቡ እልል አለ። ግራዝማች ጉልላት አጠገባቸው የቆመውን የማያውቁትን ሰው አቅፈው ሳሙት። አንድ ሽማግሌማ «ይህን ሳያሳየኝ አይግደለኝ» ብሎ ተንበረከከ።

ባሻ ጩኸቱ ጸጥ እስኪል ጠበቁ። ከዚያ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ጌታዬ፣ የግራዝማችን በቅሎ ሲያዩ ዝም ብለው፣ በእኔ ዝምታ እንዲህ ከፈነጠዙ፣ እንግዲህ በእኔ ላይ ቢፈርዱ ሰው ምን ይላል?»

ነጋድራስ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ባሻ ባዩ ቁጥር ፊታቸውን ማኮሳተር ለመዱ፤ ውስጣቸው ግን መስከረም እንደጠባ ነበር።

፨

ወደ ምስጢሩ እንመለስ። ባሻ ተነሡና «ተሰረቀ የተባለው ምን እንደሆነ ካልታወቀ፣ መሰረቁን በምን እናውቃለን? ከሳሽ ምስጢሩን ይንገሩን፤» አሉ።

«ከተነገረማ ምን ምስጢር ይሆናል!» ብለው አቶ ቢያድግልኝ ከተቀመጡበት ዘለው ተነሡ።

ነጋድራስ አሰቡና ብልሃት አገኙ። «ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ንገረኝ። ለማንም ላልናገር እምላለሁ።» ማሉ። አቶ ቢያድግልኝ ጠጋ ብለው በሁለት እጃቸው የነጋድራስን ጆሮ ከልለው ሹክ አሉ። ገበያው በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። አህዮች እንኳ ማናፋት አቆሙ።

ነጋድራስ ወንድይራድ የአቶ ቢያድግልኝ ደንበኛ ከሆኑ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ፊታቸው መጀመሪያ ነጣ። ቀጥሎ ጠቆረ። ከዚያም፦

«ስንት እጅ?!» ብለው ጮኹ።

አቶ ቢያድግልኝ እንደገና ሹክ አሉ።

«ሁለት እጅ?! በክረምት ነው በበጋ?»

ሹክሹክታ።

«ሁልጊዜ?!»

ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ወደ መሬት አቀረቀረች። አሥራ ሁለት ዓመት አንገቷን ያነቃትን ነገር ሌላ ሰው ሲሰማው ማየት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ እሷ ብቻ ናት የምታውቀው። ነጋድራስ ግን ምለዋልና ሊናገሩ አይችሉም፤ ጢማቸውን እየነጩ ቀሩ።

ባሻ ቀረብ አሉ። «ጌታዬ፣ ምስጢሩን አልጠይቅም። ደግሞም መሐላዎን አላስፈርስም። ባለፈው የትርንጎን ጓዳ ሲመረምሩ በጨለማው የቀመሱት ነገር እንዳለ ሰምቻለሁ። ተሰረቀ የተባለውን እዚያ አገኙት?»

«ጠብታ እንኳ!» ብለው ነጋድራስ አፈነዱት።

ባሻ ዓይናቸውን ጨፈን፣ ገለጥ አደረጉ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባቸው። ወደ አቶ ቢያድግልኝ ዞረው እጅ ነሡ፦

«እንኳን ደስ ያለዎት ጌታው፤ ምስጢርዎ ሙሉው እርስዎ ዘንድ ነው ያለው!»

፨

ግራዝማች ጉልላት ሌላ መላ አመጡ። «ትርንጎ በቤቷ ውስጥ የጌታዬን ስም ታጠፋለች። ስለዚህ ቤቷ ከተከፈተ ጀምሮ ስለ ጠጅ የተነገረው ሁሉ፣ አንዲት ቃል ሳትቀር፣ ለችሎቱ ይቅረብ!» አሉ። ነጋድራስም ፈቀዱ። ትርንጎ «ይህን ሁሉ ማን ይዞት!» ብላ ተጨነቀች። ባሻ ግን ደስ አላቸው።

በማግሥቱ ባሻ አሥራ ስምንት ጠጪዎች ከፊት ከፊት እየነዱ መጡ። ሸማኔ አለ፣ ጨው ነጋዴ አለ፣ አንድ አጥር ዘሎ የመጣ ባል አለ። ከዋርካው ሥር አስቀመጧቸውና «በሉ፣ የመጀመሪያውን ቀን ሰኞን ከማለዳው ጀምራችሁ ተናገሩ፤» አሏቸው። ሸማኔው ጀመረ። «መጀመሪያ ስገባ ‹እንደምን አደራችሁ› አልኩ።» ጨው ነጋዴው «የለም፣ ‹እንደምን ዋላችሁ› ነው ያልከው» አለ። በዚህ እስከ ምሳ ተከራከሩ። ከምሳ በኋላ ባልየው ስለ ሚስቱ አንድ ነገር ብሎ እንደነበር ትዝ አለውና እንባ እንባ አለው፤ አሥራ ሰባቱ ሲያባብሉት ዋሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጋድራስ አንቀላፉ። አሥር ሰዓት ላይ ግራዝማች ጉልላት ራሳቸውን ይዘው «ይብቃ! በእግዜር፣ ይብቃ! ትቼዋለሁ!» አሉ።

«ኧረ ይታገሡ ግራዝማች!» አሏቸው ባሻ። «ይሄ እኮ ገና ሳይጠጡ የተናገሩት ነው። ጠጥተው የተናገሩትን ደግሞ አንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ነው የሚሉት!»

፨

በውሉ ጀርባ አንዲት ጭረት የምታህል ጽሕፈት ተገኘች። «ክርክር ቢነሣ፣ ቢያድግልኝ በሚመርጣቸው ሦስት ሽማግሌዎች ይታይ» ትላለች። አቶ ቢያድግልኝም ወዲያው መረጡ፦ አንዱ የሚስታቸው ወንድም፣ አንዱ አበ ልጃቸው፣ ሦስተኛው ደግሞ በግቢያቸው ያለ ኪራይ የሚኖር ሰው።

ትርንጎ የባሻን እጅ ያዘች። «አለቀልኝ በሉኛ።»

«ገና ምኑ ተነክቶ!» ብለው ባሻ ወደ ዳኛው ዞሩ። «ሽማግሌዎቹን ተቀብለናል ጌታዬ። አንድ ነገር ብቻ፤ እስኪስማሙ ድረስ የመረጣቸው ሰው ይቀልባቸው።» ነጋድራስ ይህ ተገቢ ነው አሉ።

በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌዎቹ ሁለት ዶሮ በሉና ነገሩ ከባድ መሆኑን ተናገሩ። በሁለተኛው ቀን በግ በሉና ነገሩ ካሰቡትም በላይ የከበደ መሆኑን አረጋገጡ። በአራተኛው ቀን የሚስት ወንድም፣ አጥንት እየጋጠ፣ «በችኮላ የተፈረደ ፍርድ ያሳስበኛል» አለ። በሰባተኛው ቀን የሽማግሌዎቹ ዓይን በሬው ላይ አረፈ። የታየው በሬ ደግሞ የሚያርሰው በሬ ነበር።

በስምንተኛው ቀን አቶ ቢያድግልኝ ባዶ እግራቸውን ሮጠው ዋርካው ሥር ደረሱ። «ጌታዬ፣ ነገሩን ወደ ችሎቱ ይመልሱልኝ!»

«ምን ሆነህ? የራስህ ሰዎች አይደሉም እንዴ? ለአንተ ሊፈርዱ አይደለም?»

«ሊፈርዱልኝ ነው! ግን እስኪፈርዱልኝ ባዶ ቤቴን መቅረቴ ነው!»

ባሻ ራሳቸውን ነቀነቁ፦

«ነገ በግ ይታረዳል እየተባለ ዛሬ የሚስማማ ሽማግሌ የት ይገኛል፣ ጌታው?»

፨

አሁን ቀረች አንዲት ክስ፤ እሷም ዋናዋ ናት። «ትርንጎ ደንበኞቼን ወስዳለች፤» አሉ አቶ ቢያድግልኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ከእሳቸው ቤት ወደ ትርንጎ የተሻገረ አንድም ሰው አልነበረም። አርባዎቹ የእሳቸው ጠጪዎች በሠላሳ ዓመት ልማዳቸው እዚያው ተቀምጠው ያቺኑ ቀጭን ጠጅ ይጠጣሉ። የትርንጎ ጠጪዎች እነዚያ አሥራ ስምንቱ ብቻ ናቸው፤ እነሱም አዲስ ናቸው። ግን አቶ ቢያድግልኝ ፍርሃት ገብቷቸዋል። ግራዝማች ጉልላት ደግሞ በፍርሃት ላይ ፍርሃት ጨመሩላቸው። «ሴትዮዋ ፍርዱ ሳይሰጥ ጋኖቿን ይዛ ትጠፋብሃለች። በቁራኛ ትያዝልህ፤» አሏቸው።

ቁራኛ የሚባለው የዚያ ዘመን ሥርዓት ነው። የከሳሽ ጋቢ ጫፍና የተከሳሽ ነጠላ ጫፍ ይቋጠራል። ሲመሽ በዋስ ይፈታሉ፤ ሲነጋ ይቋጠራሉ። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ አንዱ በሄደበት አንዱ ይሄዳል። ነጋድራስ አሥራ አንድ ቀን ቀጠሮ ሰጡና ሁለቱን አስቋጠሯቸው።

የትርንጎ ዓይን እንባ አቀረረ። «ባሻ! ዝም ይላሉ? ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ አምልጬው፣ ዛሬ ከዚህ ሰውዬ ጋር ልታሰር?»

ባሻ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አሉ፦

«አንቺን ከሱ ጋር አይደለም ያሰሩሽ። እሱን ነው ከጠጅሽ ጋር ያሰሩት።»

ትርንጎ ቀጥ ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። አቶ ቢያድግልኝም በግድ ተከተሉ። በመጀመሪያው ቀን ከትርንጎ ጠጅ ቤት በር ላይ፣ ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው፣ አፍንጫቸውን በጋቢ ሸፍነው ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን አንድ ጨው ነጋዴ ባዶ ብርሌውን በጥፍሩ ኳ፣ ኳ ያደርጋል፤ ትርንጎ በሌላ በኩል እየቀዳች ነው። አቶ ቢያድግልኝ ተቁነጠነጡ። ወደ ግራ ዞሩ። ወደ ቀኝ ዞሩ። ሠላሳ ዓመት በጠጅ ቤት የኖረ ሰው ባዶ ብርሌ አይቶ ዝም ማለት ከየት ያምጣ!

«ኧረ ሰውዬው ብርሌው ደርቋል! አንቺ፣ አታዪም እንዴ? ደንበኛ እንዲህ ይጠበቃል?»

«ሁለት እጅ ነው ያለኝ!» አለች ትርንጎ።

«አምጪው ወዲህ!»

በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ብርሌ ተሸክመው ከወንበር ወንበር ይዞራሉ፤ ትርንጎ ከኋላ ከኋላ በነጠላዋ ትጎተታለች። በአራተኛው ቀን ቀመሱ። ብርሌውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «እንዲህ ነበር እንዴ?» አሉ። ትርንጎም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ከጋኑ ሲወጣ ሁልጊዜም እንዲህ ነበር፤» አለቻቸው።

በአምስተኛው ቀን በር ላይ ቆመው መንገደኛ መጣራት ጀመሩ። «ግቡ! ግቡ! እዚህ ነው ጠጁ!» ሲሉ ድምፃቸው ሁለት ቀበሌ ይሰማል። ከመንገዱ ማዶ የተቀመጡት አርባዎቹ የድሮ ጠጪዎች አንገታቸውን አወጡ። «ያ ጌታችን አይደለም?» ተባባሉ። አንዱ ተነሣ። ሁለተኛው ተከተለው። በዘጠነኛው ቀን በአቶ ቢያድግልኝ ጠጅ ቤት የቀረችው ድመቷ ብቻ ነበረች፤ በአሥረኛው ቀን እሷም ተሻገረች።

ባሻ በዚያ ሲያልፉ አቶ ቢያድግልኝ ከሩቅ አዩዋቸው። «ባሻ! ምን ያስቆምዎታል፣ ይግቡ እንጂ! አንድ ብርሌ ልቅዳልዎ!»

ባሻ እጃቸውን አወራጩ፦

«አይሆንም ጌታው! ከደንበኛዬ ባላጋራ እጅ ጠጅ ተቀበለ ሊሉኝ!»

፨

አሥራ አንደኛው ቀን ደረሰ። ዋርካው ሥር ለእግር መቆሚያ ጠፋ። ከቅርንጫፉ ላይ የተሰቀለው ሰው ብዛት ዛፉን ወደ አንድ ጎን አጎበጠው፤ ዛሬም ድረስ ዘመም ብሎ ነው የሚታየው። ትርንጎ ከአቶ ቢያድግልኝ ጋር እንደተቋጠረች ቆማለች። አራቱ ጋኖቿ ከፊቷ ተደርድረዋል፤ አጠገባቸው አንድ ሰው መዶሻ ይዞ ይጠብቃል።

ግራዝማች ጉልላት አንድ ጊዜ ብቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ይህን ያህል ተማምነዋል። «ጌታዬ፣ ክስ ስናቀርብ አርባ ደንበኛ ነበረን። ዛሬ አንድ የለንም። አርባውም ከዚህች ሴት ቤት ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?»

ነገሩ እውነት ነው። ነጋድራስ ተከዙ። መዶሻ የያዘው ሰው እጁን አሟሸ። ትርንጎ ወደ ባሻ አየች።

«በአንድ ነገር ብቻ እንስማማ፤» አሉ ባሻ። «ደንበኞቹን ወደ ትርንጎ ቤት ያሻገረው ሰው ይቀጣ።»

«እንስማማለን!» ብለው ግራዝማች ጮኹ።

«ይቀጣ!» አሉ አቶ ቢያድግልኝም፣ ከልማድ የተነሣ።

«እንግዲያስ ይጠየቁ።»

ነጋድራስ ከአርባዎቹ ፊት የቆመውን ሽበታም ጠሩት። «አንተ ሰውዬ፣ ለምን ቤት ቀየርህ?»

ሰውዬው ተቀየመ። «እኔ? እኔ ቤት ቀይሬ አላውቅም ጌታዬ! ሠላሳ ዓመት የምጠጣው አቶ ቢያድግልኝ ካለበት ነው። የተሻገረው እሱ ነው።»

ሁለተኛው ተጠየቀ። «እሱ ‹ግቡ› አለን፣ ገባን።» ሦስተኛው ተጠየቀ። «እሱ ራሱ ነው የቀዳልኝ። ያውም ሞልቶ፤ ሞልቶ ቀድቶልኝ ስለማያውቅ የታመመ መስሎኝ ነበር።» አርባውም ጣታቸውን ወደ አንድ ሰው ቀሰሩ። ድመቷም ከእግራቸው ሥር ተቀምጣ ወደ ላይ ታያቸዋለች።

በዚያ ቀን ዝም ያሉት ግራዝማች ጉልላት ናቸው። በቅሎዋ ወደ ነጋድራስ ጎን ተወሰደች።

«ትርንጎ ጋኖቿን ይዛ ትኑር!» ብለው ነጋድራስ ፈረዱ። «ለከሳሽ የሚበቃው ቅጣት ያየው ነው። ቋጠሮው ይፈታ!»

ሊፈቱ ሲቀርቡ ግን አቶ ቢያድግልኝ ቋጠሮውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዙ። «ጌታዬ፣ ትንሽ ይቆይልኝ።» ወደ ትርንጎ ዞሩ። አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «እንግዲህ እኔም ቤቴ ባዶ ነው፤ አንቺም ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለሽ። በሽርክና እንሥራ። አንቺ ጣዪ፤ እኔ ልጥራ፣ ልቅዳ።»

ትርንጎ ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው። በሰው ጠሪነት በአገሩ የሚያክላቸው እንደሌለ ታውቃለች። ሌላም የምታውቀው ነገር አለ፤ ያን ግን በታቦት ምላለችና አትናገርም።

«ውል ካለ እሺ፤» አለች።

ባሻ ፀሐፊውን ጠርተው ወረቀት አስዘረጉ። እሳቸው የማሉት መሐላ የለባቸውም። ጉሮሯቸውንም ሳይጠርጉ ጮክ ብለው አስጻፉ፦

«አቶ ቢያድግልኝ፣ ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት አገር ሁሉ፣ ጠጅ ላይ ውሃ እንዳይጨምር!»

«ውሃ?!» አሉ አርባው ባንድ ድምፅ።

«ሁለት እጅ!» ብለው ነጋድራስ ጮኹ፤ ከብዙ ቀን በኋላ ሆዳቸው የተነፈሰላቸው ሰው መስለው። «ክረምት ከበጋ!»

አቶ ቢያድግልኝ ነገሩ ቶሎ እንዲያልፍላቸው ጣታቸውን በቀለም ነክረው ወደ ወረቀቱ ወረወሩ። ትርንጎ እጃቸውን ከወረቀቱ በላይ በአየር ላይ ያዘችው።

«ቆዩ ባሻ፤» አለች። «መስኮት የሌለውንም ጓዳ ጨምረው ይጻፉልኝ።»

ባሻ እንቁባይ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለደንበኛቸው እጅ ነሡ፤ ጨምረውም አስጻፉ።

፨

ይኸው ነው። እንዳልኳችሁ ሁሉም እውነት ነው። ከራሴ የለወጥኩት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ የትርንጎ ጓዳ መስኮት ነበረው።